ሰሙን ሳያዩ ወርቁን መሻት

ጌታችን በተራራ ላይ ባስተማረ ጊዜ፥ ስለ ምግብና ስለ ልብስ የሚጨነቁትን ሰዎች የሰማይ ወፎችን እንዲመለከቱ አዘዛቸው። በማቴዎስ ወንጌል በስድስተኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ይህን ትምህርት ያልሰማ ክርስቲያን የለም፤ ያልሰበከበትም ካህን አይገኝም። ነገር ግን ይህን ከምንሰብከው ከእኛ መካከል፥ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ ወፎችን በእውነት የተመለከተ ስንቱ ነው? ጥያቄው ወደ እኔ የመጣ እንደ ሆነ፥ አምሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ትምህርቱን አስተማርሁ እንጂ ትእዛዙን አልፈጸምሁም ብዬ መመለስ ይገባኛል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው። ፍጥረትን አስተውሎ መመልከት በሰው ላይ የተጣለ ግዴታ ነውን? ወይስ ምሳሌው የሚያስተምረውን ካወቁ በኋላ ምሳሌውን ማየት ትርፍ ነገር ነው? ብዙዎች ሁለተኛውን ያስባሉ። ወፍ ሲመለከት የዋለ ሰው ሥራ ፈት ይባላል፤ ይልቁንም ካህን ቢሆን ነቀፌታው ይበዛል። እኔም ከዚህ አሳብ የወጣሁት በመጽሐፍ ብዛት አይደለም፤ በአንዲት እናት ጥያቄና በአንድ የበጋ ቀን ነው እንጂ።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ልጇ የሞተባትን አንዲት ሴት ለማጽናናት ሄድሁ። እንደ ልማዴም ስለ ሰማይ ወፎች ነገርኋት፤ ለወፍ የሚያስብ አምላክ አንቺን አይረሳሽም አልሁ። እርስዋም ዓይኗን ከምድር ሳታነሣ፥ «አባቴ፥ ከደጄ ካለው ዋንዛ ላይ በየክረምቱ ጫጩት ይወድቃል፤ ጠዋት ስወጣ ሞቶ አገኘዋለሁ። እርሱንስ ማን አሰበው?» አለችኝ። በመዘበት አልተናገረችም፤ ያየችውን ተናገረች። እኔ ግን ዋንዛውን በዚያ ደጅ ስገባና ስወጣ ኖሬ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ስለዚህ የምመልሰው ባጣ ጊዜ፥ የእግዚአብሔር ሥራ ምሥጢር ነው ብዬ ተነሣሁ። ቃሉ እውነት ነበረ፤ ዳሩ ግን እኔ እውነቱን መሸሻ አደረግሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች ጥያቄ በልቤ ተቀመጠች።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሳምንት፥ ለአገልግሎት ተጠርቼ በአቸፈር ወዳለችው ወደ ሊበን ሄጄ ነበር። ወራቱ የበጋው መጨረሻ ነውና ምድሩ ደርቋል። የዳጉሳውና የበቆሎው እርሻ ተሰብስቦ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል፤ ወንዙም አንሶ በድንጋይ መካከል እንደ ክር ይሄድ ነበር። ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነውና፥ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከወንዙ ዳር ካለች አንዲት ሾላ ሥር ተቀመጥሁ። ዳዊቴን ደግሜ ከጨረስሁ በኋላ የምሠራው አልነበረኝም። አንድ ሽማግሌ ባለ ቀፎ በአጠገቤ ጋቢውን አንጥፎ ተቀምጦ ነበርና፥ ሁለታችን ዝም ብለን ወፎቹን ስንመለከት ዋልን። ቀኑም እንደ ጾመኛ ቀን ሁሉ ረዥም ነበረ። መጀመሪያ ያየሁት ወፍ ብቻ ነበር፤ ሰዓቱ እየገፋ በሄደ ቁጥር ግን ወፍ የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ፥ ያለው ይህኛውና ያኛው እንደ ሆነ አስተዋልሁ።

ከሾላዋ ቅርንጫፍ ላይ በክረምት የተሠሩ ጎጆዎች ባዷቸውን ተንጠልጥለው ነበር። ባለቤቱ ከሣር እየሸመነ የሚሠራው ትንሹ ቢጫ ወፍ ነው። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው፤ ሴቲቱ መጥታ ትመረምረዋለች፤ ያልወደደችው እንደ ሆነ ራሱ አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል። ከወንዙ ማዶ ከብቶች ሲሰማሩ ነጫጭ ወፎች እግር በእግር ይከተሏቸው ነበር፤ የከብቱ ኮቴ ከሣሩ የሚያስነሣውን ፌንጣ ለመልቀም ነው። ቁራውም መጣ። ይህ ምንቃሩ ወፍራም፥ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት የደጋው ቁራ፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ አገር ውጭ በዓለም እምብዛም የማይገኝ ነው። በየቀኑ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ላይ የምናየው፥ የሩቅ አገር ሰዎች ግን እርሱን ለማየት ባሕር ተሻግረው የሚመጡለት ወፍ ነው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሁለት ጥንብ አንሣዎች ከበላያችን ዞሩ። በኦሪት ዘሌዋውያን ለመብል ርኩስ ከተባሉት ወገን ናቸውና፥ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በመጠየፍ ነበር የማያቸው። ለመብል ርኩስ መባል ግን ለፍጥረት ከንቱ መባል አይደለም። በህንድ አገር የሆነውን እናስብ። ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ የቀረበትን በድን የበሉ ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው እየተጎዳ አለቁ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከመቶው ከዘጠና አምስት የሚበልጠው ጠፋ። የሞታቸው ምክንያት የታወቀው በ2004 ነው፤ መንግሥቱም ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከለከለ። እስከዚያው ድረስ ግን በድኑ በየሜዳው ተከማቸ፤ የባዘኑ ውሾችም በዙ። በአፍሪካም ለአውሬ ተብሎ የሚጣል መርዝ ይህን ወፍ እየጨረሰው ነው። ሰው ያላየውን ይንቃል፤ የናቀውን ያጠፋል፤ ካጠፋው በኋላ ጥቅሙን ይማራል።

ከቀትር በፊት ደግሞ የሽመላ መንጋ ከሰማይ ከፍታ ላይ እየዞረ ወደ ሰሜን ሲያልፍ አየን። ክንፋቸውን አያራግቡም፤ ፀሐይ ካሞቀችው ምድር በሚነሣው ነፋስ ላይ ተንሳፍፈው ይወጣሉ፥ ከዚያም ወደሚሄዱበት ይንሸራተታሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ የመሄጃና የመምጫ ጊዜዋን ማወቋን በሕዝቡ ላይ ምስክር አድርጎ ጠርቷታል። ነቢዩ ይህን ያለ ቀና ብሎ ስላየ ነው። በአውሮፓ ግን ወፎች በክረምት ወዴት እንደሚሄዱ ለብዙ ዘመን አይታወቅም ነበርና፥ በጭቃ ውስጥ ይተኛሉ የሚሉም ነበሩ። በ1822 በጀርመን አገር በክሉትስ አጠገብ አንዲት ሽመላ ተገኘች፤ አንገቷ ላይ ከአፍሪካ የመጣ ጦር ተሰክቶ ነበር። በድኗ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይኖራል። የመንገዷን እውነት ለሊቃውንቱ ያስረዳቸው ቁስሏ ነው። እኔም ይህን ባሰብሁ ጊዜ ያች እናት ትዝ አለችኝ፤ ከቁስሏ የተናገረችውን እኔ አልሰማሁም ነበርና።

ከዚህ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሆነ። አንዲት ግራጫ ትንሽ ወፍ ከግራሩ ላይ ሆና ሳታቋርጥ መንጫጫት ጀመረች። ማር መሪዋ ናት። ሰውን ጠርታ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለች ንብ ካለበት ታደርሳለች፤ ሰውም ማሩን ከቆረጠ በኋላ የተረፈውን ሰፈፍ ትበላለች። ሰም መፍጨት የሚችል ፍጥረት ጥቂት ነው፤ እርስዋ ከእነዚያ አንዷ ናት። ሆዋዎ ዶስ ሳንቶስ የሚባል የፖርቱጋል መነኩሴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በሞዛምቢክ አገር ይህች ወፍ ቤተ ክርስቲያን ገብታ የመብራቱን ሰም ስትበላ ማየቱን ጽፏል። እኔም ልማዴ ያዘኝና ለሽማግሌው ስብከት ጀመርሁለት፤ «ማሩን ለሌላው አሳይታ ለራሷ ትራፊውን መውሰዷ የትሕትናና የታማኝነት ምሳሌ ናት» አልሁት። ሽማግሌውም ፈገግ ብሎ፥ «ይፍቱኝ አባቴ፥ መምራቱንስ ትመራለች። ዳሩ ግን ልጇን አታሳድግም፤ ከሌላ ወፍ ቤት እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች» አለኝ። በኋላም መርምሬ ከዚህ የባሰውን ተረዳሁ። በዛምቢያ አገር የሚመራመሩ ሊቃውንት ጎጆው ባለበት በጨለማው ጉድጓድ ውስጥ መሣሪያ አስገብተው እንዳዩት፥ የማር መሪዋ ጫጩት ገና ዓይኗ ሳይገለጥ በምንቃሯ ጫፍ ባለ መንጠቆ የባለቤቶቹን ጫጩቶች ነክሳ ትገድላቸዋለች፤ ወላጆቻቸውም የልጆቻቸውን ገዳይ ያሳድጋሉ።

እንግዲህ ስብከቴ ምን ይሁን? በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚሄድባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ ሦስቱም የተሳሳቱ ናቸው።

አንደኛው የሚያስቸግረውን ሸሽጎ የሚያምረውን ብቻ ማስተማር ነው። ይህ በእግዚአብሔር ሥራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው። ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግእዝ በጥንት ዘመን የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ፥ ፔሊካን የሚሉት ታላቅ የውኃ ወፍ የሞቱ ጫጩቶቹን በደሙ እንደሚያስነሣ ይናገራል። አባቶች በዘመናቸው የሰሙትን ይዘው ስለ ክርስቶስ ደም አስተምረውበታል፤ ትምህርቱም እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ በጣና ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ያ ወፍ ልጆቹን በዓሣ እንደሚያሳድግ ያውቃል። ለዚህ ሰው የወፉን ታሪክ እንደ ሆነ ነገር አድርገን ብንነግረው፥ ወፉን በማወቁ ስለ ደሙ የምንነግረውንም ሊጠራጠር ይችላል። እውነት በሐሰት ምርኩዝ አይቆምም።

ሁለተኛው መንገድ ወፏን መውቀስ ነው፤ ሌባ ናት፥ ነፍሰ ገዳይ ናት ማለት። ነገር ግን ኀጢአት ያለ ዕውቀትና ያለ ፈቃድ አይሆንም። ወፍ እንደ ሰው ነባቢትና ለባዊት ነፍስ የላትም፤ ሕግ አልተሰጣትምና ሕግ አላፈረሰችም። ይህን የምንቀበል ከሆነ ደግሞ ሌላውንም እንቀበል ዘንድ ግድ ነው፤ የማትወቀስ ፍጥረት አትመሰገንም። ጫጩቷ ነፍሰ ገዳይ ካልሆነች፥ እናቲቱም ትሑት አይደለችም። እኔ ስለ ታማኝነቷ የሰበክሁት የወፏን ጠባይ ሳይሆን የራሴን ምኞት ነበረ።

ሦስተኛው መንገድ፥ እንግዲያስ ፍጥረት ምንም አያስተምርም ብሎ መተው ነው። ይህ የተስፋ መቁረጥ መንገድ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማረ ጊዜ፥ ሣርን ሣር፥ ዓሣን ዓሣ አድርጎ እንደሚረዳ፥ የተጻፈውን ሁሉ ወደ ሌላ ነገር ለመለወጥ እንደማይቸኩል ተናግሯል። እንዲህም ብሎ ፍጥረቱን ለምእመናኑ ሲተነትን ሰንብቷል እንጂ ዝም አላለም። ከእርሱ የምንማረው ፍጥረት ከመተርጎሙ በፊት መታየት እንደሚገባው ነው።

ይህን የጎጃም ሰው ከቅኔ ቤት ያውቀዋል። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርት የታወቁባት አገር ልጆች ነንና። ተማሪ ሳለን ቅኔ ልንቆጥር ወደ ዱር ስንወጣ፥ ከመካከላችን ሰሙ ሳይስማማለት ወደ ወርቁ የሚሮጥ ነበር። እርሱ ቅኔውን ሲዘርፍ መምህሩ ያቆመውና፥ ወርቅህ የፈሰሰው ሰምህ ስለ ተሰበረ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ወርቅ አንጥረኛ መልኩን በመጀመሪያ የሚያወጣው በሰም ነው፤ ሰሙ የተበላሸ እንደ ሆነ ወርቁ ቢነጥርም መልክ የለውም። ወፍም እንዲሁ የፈጣሪ ቅኔ ሰም ናት። እኔ ሰሙን ሳላይ ወርቁን ለሕዝብ ሳድል የኖርሁ ሰው ነበርሁ።

እንግዲህ ጌታችን ተመልከቱ ያለን ምኑን ነው? ቃሉን መልሰን ብናስተውለው የወፎቹን ደግነት አልጠራም። አለመዝራታቸውንና አለማጨዳቸውን ጠቅሶ፥ የሚመግባቸው የሰማዩ አባት መሆኑን ነው የተናገረው። የነገሩ ባለቤት ወፍ ሳይሆን አብ ነው። ለሰነፍም መጠጊያ አልሰጠውም፤ በዚያ ቀን ካየኋቸው ወፎች መካከል ሥራ ፈትቶ የዋለው እኔና ሽማግሌው ብቻ ነበርን። ደግሞም በዚያው ወንጌል በአሥረኛው ምዕራፍ ጌታችን ስለ ድንቢጦች ሲናገር፥ አንዲቱም ብትሆን አባታችሁ ሳያውቅ ወደ ምድር እንደማትወድቅ አስተማረ። አስተውሉ! አትወድቅም አላለም፤ ተረስታ አትወድቅም አለ እንጂ። የሚወድቀው ጫጩት በወንጌል ውስጥ አለ። ያች እናት የጠየቀችኝ ከወንጌል የወጣ ጥያቄ አልነበረም፤ እኔ ያላነበብሁላትን ሁለተኛውን ገጽ ነበር የጠየቀችኝ።

ይህም ቢሆን ጫጩቱ ስለ ምን እንደሚወድቅ አይገልጥልንም። እኔም እንደ ተገለጠልኝ አድርጌ አልጽፍም። ነገር ግን ጌታችን ወደ አልዓዛር መቃብር በመጣ ጊዜ ሊያስነሣው እንዳለው እያወቀ አለቀሰ። የሚያውቀው ነገር እንባውን አላስቀረውም። እኔ ግን የማላውቀውን የማውቅ መስዬ ሳላለቅስ አስተማርሁ። ከሊበን በተመለስሁ ጊዜ ወደዚያች እናት ሄድሁ። ስብከት አልያዝሁም። ከዋንዛው ሥር አብረን ተቀመጥን፤ ስለ ልጇ ጠየቅኋት፥ ምን ይወድ እንደ ነበረ፥ ምን ይናገር እንደ ነበረ። እርስዋም ብዙ ነገረችኝ። ሲመሽም፥ «አባቴ፥ ዛሬ ገና ልጄን አዩልኝ» አለችኝ። ከዚህ በላይ ልሰጣት የምችለው አልነበረኝም፤ ያን ጊዜ ግን በቃ።

ከዚህ የምንይዘው እንግዲህ ይህ ነው። መመልከት የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም፤ የፍቅር መጀመሪያ ነው። ወፍን ሳያይ ስለ ወፍ የሚሰብክ፥ ሰውንም ሳያይ ስለ ሰው ይፈርዳል። ድሀ ሲመጣ ስለ ምጽዋት፥ ሐዘንተኛ ሲመጣ ስለ ትዕግሥት፥ በደለኛ ሲመጣ ስለ ንስሓ የተዘጋጀ ቃል አለን፤ የመጣውን ሰው ግን እንደ ሾላዋ ወፎች በዝግታ አናየውም። ስለዚህ ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ ከመናገራችን በፊት እንይ፤ ያየነውንም እንኳ የሚያስቸግረን ቢሆን ሳንቀንስ እንመስክር።

ምእመናን ሆይ፥ እናንተም የሚታየውን ጠብቁልን። በአማራ አገር ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው ብዙው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው፤ ወይራው፥ ጽዱ፥ ዝግባው፥ ዋንዛው። አባቶች ለመቅደሱ ክብር ብለው ያቆዩት ለወፎችም ማደሪያ ሆነ። ያን ነቅሎ ባሕር ዛፍ ብቻ መትከል፥ ልጆቻችን ጌታ ያዘዘውን ቢፈልጉ የሚመለከቱት እንዳያገኙ ማድረግ ነው።

የወደቀችውን ድንቢጥ የማይረሳ አምላክ፥ ዓይነ ልቡናችንን ከዓይነ ሥጋችን ጋር አብርቶ ሥራውን እንድናይ፥ ባልንጀራችንንም እንድናስተውል ያድርገን፤ ልጆቻቸው የሞቱባቸውን እናቶች ሁሉ ያጽናናልን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።